ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? ሥልጣንና ግጭት ያለበትን ግጥም የማንበብና የመጻፍ መመሪያ

ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ውስጥ አንድ ቤት ተሰብስበን ግጥም እናነባለን። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ልጆችም አሉ። ቡና ይፈላል። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ ስለሚውጥ የሚያነበው ሰው መጮህ አለበት። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ስለ ጦርነት የጻፈውን ይዞ መጣ። ሃያ አራት ስንኝ። «ደም» የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ጊዜ። ሲጨርስ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ግን ከመካከላችን አንድ ስንኝ እንኳ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ልጁም ገባው። «ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም የማይረባ መልስ መለስኩለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። አሁን የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ሥልጣንና ግጭት ግጥም ውስጥ የሚገቡት በርዕስ አይደለም። ማን ለማን እንደሚናገር፣ በምን ዓይነት ግሥ እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንዳለ ስታዩ እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። ይህን ማየት ደግሞ ይለመዳል። ለፈተና የምታነቡ፣ ለክፍላችሁ የምታስተምሩ ወይም ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ በቅደም ተከተል ሂዱ። እርሳስና ወረቀት ያዙ፣ በስልክ ብቻ አይሆንም።

1. መጀመሪያ ቃሉን ለዩ

«ሥልጣን» ስንል ብዙ ጊዜ ወንበር ነው የሚታየን። ጉልበት ግን ሌላ ነው። ኃይልም ሌላ ነው። ወንበር የሌላት አያት ቤቱን ሁሉ በዓይኗ ስትመራው አላያችሁም? ግጭትም እንደዚያው ነው። ጦርነት አለ፣ ጠብ አለ፣ ክርክር አለ፣ ኩርፊያ አለ። እኔ ኩርፊያን በጣም እወደዋለሁ፣ ለግጥም ማለቴ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ትሪ ላይ ቀርበው ሳይነጋገሩ ሲበሉ ከመድፍ የማይተናነስ ነገር አለ።

ስለዚህ ግጥሙን ከማንበባችሁ በፊት ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ፦ እዚህ ያለው ሥልጣን ነው፣ ጉልበት ነው ወይስ ሌላ? ጠቡስ የትኛው ነው? መልሱ በኋላ ቢቀየር ችግር የለም። እንዲያውም ከተቀየረ ጥሩ አንብባችኋል ማለት ነው።

2. አጭር ምረጡ፣ በእጅ ገልብጡ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ

በረጅም ግጥም አትጀምሩ። ሁለት ስንኝ ይበቃል። እኛ የምንጀምረው አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሕዝቡ በገጠመው ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ስለሚያውቀውም አያየውም፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

(አንዳንዱ «በመቅደላ አፋፍ ላይ» ይላል። የሕዝብ ግጥም ስለሆነ ከአፍ አፍ ሲሄድ ይለዋወጣል፤ እናንተ በሰማችሁት ያዙት።)

ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስታነቡ መሃል ላይ ትንፋሽ እንደምትወስዱ አስተውሉ፤ «መቅደላ አፋፉ ላይ» ብላችሁ ቆም፣ ከዚያ «ጩኸት በረከተ»። ይህ የወል ቤት የምንለው ምጣኔ ነው፤ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ይህን አሁን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

3. የግሡን ጭራ አስምሩበት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። የእኛ ቋንቋ ደግ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያከብር፣ ማን ማንን እንደሚንቅ ግሡ ራሱ ይነግረናል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ። መጣ፣ መጡ። «መጡ» ስንል ብዙ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ የተከበሩ ሰውም። ገጣሚ ይህን ሁሉ በእጁ ይዞ ነው የሚጽፈው።

አሁን ወደ መቅደላ እንመለስ። የሞቱት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ግጥሙ ግን «ሞቱ» አይልም። «ሞተ» ነው የሚለው። አፄ የለ፣ ጃንሆይ የለ፣ ስም እንኳ የለም። «ወንድ አንድ ሰው»። አንድ ተማሪ «ቤት እንዲመታለት ነዋ፣ ከበረከተ ጋር» አለኝ። ልክ ነው፣ ቤት እንዲመታ ነው። ግን ሰውየው ግጥሙን በሌላ ቤት መጀመር ይችል ነበር። አልጀመረም። ዘውዱን አውልቆ፣ ማዕረጉን ትቶ፣ ወንድነቱን ብቻ አስቀረለት፤ ይህ ለእኔ ከማዕረግ ሁሉ የሚበልጥ ማዕረግ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ሊያነብ ይችላል፦ ንጉሥም ሲሞት እንደማንኛውም ሰው «ሞተ» ነው የሚባለው። ሁለቱንም ጻፉ።

ቀጥሎ ተናጋሪውን ፈልጉ። «አናውቅም»። እኛ። ማን ነን እኛ? አፋፉ ላይ የነበርን አይመስልም። ጩኸቱን ከታች የሰማን ሰዎች ነን። ጩኸት ይሰማናል፣ ግን ማን እንደሞተ የምናውቀው በከፊል ነው።

4. ያልተቆጠረውን ቁጠሩ

«የሴቱን አናውቅም»። ይህቺ ሐረግ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ገጣሚው ሴቶቹን ዝም ብሎ መዝለል ይችል ነበር፣ ሌላው ሁሉ እንደሚያደርገው። እሱ ግን አለማወቁን ተናገረ። ሴቶች ሞተዋል ይሆናል፣ ብዙ ይሆናሉ፣ አልቆጠርናቸውም፣ እያለ። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩ ስድብ ነው፦ አፋፉ ላይ ከነበሩት ወንድ የሚባለው አንዱ ብቻ ነበር፣ የቀራችሁት ከሴት ተቆጠራችሁ። በዚያ ዘመን አነጋገር «ሴት» ስድብ ሆኖ ማገልገሉን ሳናይ ማለፍ የለብንም፤ ይህም ሥልጣን ነው።

አሁን የታሪኩን ሂሳብ ከጎኑ አስቀምጡ። ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ነው፤ የተጠቀሙበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ስጦታ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጉ በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮቻቸው ረግፈዋል፤ የጦር መሪያቸው ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቁት እዚያ ነው። ግጥሙ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አይተነፍስም። እንግሊዝ የሚል ቃል የለበትም። ሽጉጥ የለበትም። «አንድ ሰው»። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም፣ ምርጫ ነው። ማን እንደሚቆጠር የሚወስን ሰው ሥልጣን አለው፤ እዚህ ላይ ሥልጣኑ የገጣሚው ነው።

በሠንጠረዥ ሥሩት። በአንድ በኩል «የተጠቀሰ»፣ በሌላ በኩል «የነበረ ግን ያልተጠቀሰ»። ሁለተኛውን ዓምድ ለመሙላት ትንሽ ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

5. ትእዛዝና እውነታ የተምታቱበትን ቦታ ፈልጉ

ሁላችንም የምናውቃት ተረት አለች፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ይቺ ግጥም ናት፣ ቤት ትመታለች፣ ምጣኔም አላት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በሷ ላይ አሳልፈናል።

«አይታረስ» ምን ማለት ነው? አይታረስም ማለት ነው? ወይስ አይታረስ፣ እንዳይታረስ፣ ክልክል ነው ማለት? ያቺ የተቆረጠች «ም» ሁሉንም ነገር ትቀይራለች። «ሰማይ አይታረስም» ብንል እውነታ ነው፣ ማንም አይከራከርም። «ንጉሥ አይከሰስም» ብንል ግን ይህ እውነታ ነው ወይስ ሕግ? ሰው ያወጣው ነው ወይስ እንደ ሰማይ የተፈጠረ? ተረቷ «ም»ን ጥላ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ቤት መምታቱ ደግሞ ስፌቱን ሸፈነው። ጆሯችን «አይታረስ» ብሎ ከተቀበለ «አይከሰስ»ንም ሳያስብ ይቀበላል።

እና ማን ነው የሚናገረው? የማረስን ነገር የሚያስብ ማነው? ገበሬ ነው። ግብር የሚከፍለው እሱ። ስለዚህ ይህን የሚለው ሰው እያመነበት ነው ወይስ እየመረረው? ድምፁን ቀይራችሁ አንብቡት፣ አንዴ እንደ ምክር፣ አንዴ እንደ ምሬት። ሁለቱም ይሆናል። የፈረስ ስሞችም ላይ ይህንኑ ሞክሩ። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ጠቅል። ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ፉከራ ላይ የንጉሥ የፈረስ ስም በተጠራ ቁጥር ትእዛዝ ይተላለፋል ማለት ነው። አባ ጅፋርም የፈረስ ስም መሆኑን ለጅማ ልጆች መንገር አያስፈልግም፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር መጠሪያ ስማቸው ቱሉ ነበር።

6. ሰሙን ሳትጥሉ ወርቁን አውጡ

ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ ስንማር ሰሙን እንደ ልጣጭ ልጠን እንድንጥል ነው የተነገረን። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥልጣንና ግጭት ያለበት ግጥም ላይ ሰሙ ራሱ ይናገራል። ይህን ተመልከቱ፣ የዓድዋ ነው፦

የዓድዋ ሥላሴን ጠላት አረከሰው፣
ገበየሁ በሞቴ ግባና ቀድሰው።

ሰሙ የቤተ ክርስቲያን ነው። የረከሰ ቤተ መቅደስ ይቀደሳል፣ የሚቀድሰውም ቄስ ነው። ወርቁ የጦር ሜዳ ነው፤ ፊታውራሪ ገበየሁ ቄስ አይደሉም፣ አምባላጌ ላይም የተዋጉ የጦር ሰው ናቸው። ግባ ማለት ጦርነቱ ውስጥ ግባ፣ ቀድሰው ማለት ጠላትን አጽዳው። እስከዚህ ሁሉም ሰው ይደርሳል። አብዛኛው የፈተና መልስም እዚህ ያቆማል።

አሁን «በሞቴ» ላይ ጣታችሁን አድርጉ። ይህን ቃል የት ነው የምንሰማው? ገበታ ላይ። እናታችን ጉርሻ ይዛ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ስትል። የልመናና የፍቅር ቃል ነው፣ እምቢ ለማለት ይከብዳል። እዚህ ግጥም ውስጥ ይህ ቃል ሰውን ወደ ጥይት ይልካል። በትእዛዝ አይደለም የተላኩት፣ በጉርሻ ቃል ነው። ለማኙ ሰው «በእኔ ሞት» ይላል፤ የሞቱት ግን ገበየሁ ናቸው፣ እዚያው ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት። ይህን ካያችሁ በኋላ ግጥሙ ያው አይሆንም። ወዳጅነት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ለምኖ መላክ ከማዘዝ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ስንኝ አላውቅም።

እዚህ ደረጃ ላይ ስትሆኑ ለራሳችሁ ይህን ጠይቁ፦ ወርቁን ለመደበቅ ገጣሚው ለምን ይህን ሰም መረጠ? ሠርግ ሊሆን ይችል ነበር፣ እርሻ ሊሆን ይችል ነበር። ቅዳሴ ሲሆን ግን ጦርነቱ ቅዱስ ይሆናል። ሰሙ ሥራ ሠራ።

7. ያንኑ ጦርነት ከሌላ አፍ ስሙት

ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ የጀግናው አፍ ናቸው። «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሳ ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፣ የገደለውን ይቆጥራል። የእኛ አካባቢ ሰዎች ጌራርሳንም ያውቁታል፣ በአፋን ኦሮሞ የሚዜመውን፤ አዳኙና ተዋጊው ራሱን የሚያወድስበት ነው፣ ግን የተበደለ ሰውም ብሶቱን ያወጣበታል። ያንን ድርብነት ልብ በሉ። አንድ ዓይነት ዜማ ለድልም ለበደልም ያገለግላል።

ሙሾ ደግሞ አለ። አልቃሽ ለሞተው ሰው «አንተ» ብላ ነው የምትናገረው፣ ፊቷ እንደተቀመጠ። ፎካሪው የሚቆጥረው የገደለውን ነው፣ አልቃሿ የምትቆጥረው የቀረውን፦ ያልተጫነ ፈረስ፣ ያልታረሰ ማሳ፣ ያልተዳረ ልጅ። የአንድ ጦርነት ሁለት ሂሳብ። አያት ያላችሁ ልጆች ሂዱና ጠይቁ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅረጹ። እኛ ቡድን ውስጥ ይህን ያደረጉ ሁለት ልጆች አሉ፣ ያመጡት ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥብኛል።

በእንግሊዝኛ ለምትማሩ፣ እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወን ላይ ይህን ሞክሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ወታደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1918 ተገደለ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ስለ መርዝ ጋዝ የጻፈው ግጥሙ ርዕሱን የወሰደው ለአገር መሞት ጣፋጭ ነው ከሚል የሮማዊው ሆራስ የላቲን ስንኝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ይህንኑ አባባል «ወዳጄ» ብሎ ለሚጠራው ሰው ውሸት መሆኑን ይነግረዋል። «ወዳጄ» የሚለውን «በሞቴ» ጎን አስቀምጡት። አንዱ በፍቅር ቃል ይልካል፣ ሌላው በፍቅር ቃል አትላክ ይላል። ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመው «ኦዚማንዲያስ»ም ለዚህ ይመቻል፤ ኦዚማንዲያስ ግሪኮች ለጥንታዊው የግብፅ ንጉሥ ለዳግማዊ ራምሴስ የሰጡት ስም ነው። በ14 ስንኝ ውስጥ ሦስት አፍ አለ፦ ገጣሚው፣ ከሩቅ አገር የመጣው መንገደኛ፣ ከፈራረሰው ሐውልቱ ሥር የተጻፈው የንጉሡ ቃል። ንጉሡ ራሱ ይፎክራል፣ ግን ፉከራው የሚደርሰን በሌላ ሰው አፍ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ አሸዋ ብቻ። ፎካሪን ለማሸነፍ መስደብ አያስፈልግም፣ ቃሉን ሳይቀይሩ ቦታውን መቀየር ይበቃል።

8. ያለንበትን ከተማ ጠይቁ

ጅማ ለዚህ ትምህርት የተመረጠች ከተማ ናት፣ ይህን ስል ስለምወዳት ብቻ አይደለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ሁላችንም አይተናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት አተረፉ፣ ጅማም ረጅም ጊዜ በራሷ ንጉሥ ተዳደረች። አሁን አስቡ፦ የተዋጋ ሰው ፉከራ አለው፣ የሞተ ሰው ሙሾ አለው። ሳይዋጋ ጦርነትን ያስቀረ ሰው ምን ዓይነት ግጥም አለው? ይህን ጥያቄ ይዘን ጅሬን ወጥተን ነበር። ልጆቹን «ስላልተደረገ ጦርነት አራት ስንኝ ጻፉ» አልኳቸው። በጣም ከበዳቸው። ጩኸት የሌለበትን ነገር መግጠም ከባድ ነው። ግብሩንስ ማን ከፈለ የሚል ጥያቄም ወዲያው ተነሳ፣ መነሳትም ነበረበት።

ከዚያ የባሰ ዝምታ አለ። እዚሁ ጅማ ሂርማታ ትልቅ ገበያ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናና ጨው ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት። ሰው ይሸጥበት ነበር። የነጋዴውን ስም ተጓዦች ጽፈውታል፣ የንጉሡን ስም ሁሉም ያውቀዋል። የተሸጠው ሰው ዘፈን የት አለ? እዚህ ላይ አንድ ስም ልንገራችሁ፦ አስቴር ጋኖ። ሊሙ ላይ በባርነት ተይዛ የተሸጠች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ መርከቡን የጣልያን ባሕር ኃይል ያዘውና ነፃ ወጣች። ከዚያ ኤርትራ ውስጥ ተምራ፣ በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና እንቆቅልሾች በቃል ከያዘችው አውጥታ ጻፈች፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ከተረጎመው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። ሁሉንም ነገር የወሰዱባት ሰዎች ያልወሰዱት ዘፈኑን ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ቡና የምትቀዳው ልጅ ሲኒውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ስለዚህ በደረጃ 4 የሠራችሁት ሠንጠረዥ ላይ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ አትቸኩሉ። ፈልጉ። በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች ግጥም በሚያነቡበት የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ ያነበበው ግጥም ርዕሱ «ደሃው ይናገራል» ነበር። ርዕሱ ብቻውን ይበቃል፦ ይናገራል። እስከዚያ ቀን ስለ እሱ ነበር የሚነገረው።

9. ስለ ግጥሙ አንቀጽ ጻፉ

ይህ ለፈተና ለሚዘጋጁ ነው፣ ባጭሩ እናልፈዋለን። አንድ አንቀጽ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ምን አያችሁ፣ የትኛው ቃል ላይ አያችሁ፣ ቃሉ ምን አደረገ። «ገጣሚው ስለ ሥልጣን በጥልቀት ይገልጻል» አትበሉ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ግጥም ይሆናል፣ ስለዚህ ለየትኛውም አይሆንም። እንዲህ በሉ፦

«ግጥሙ የንጉሠ ነገሥቱን ሞት ሲናገር የአክብሮቱን ‹ሞቱ› ትቶ ‹ሞተ› ይላል። በዚህም ሥልጣናቸውን ከዘውዱ ነጥሎ ወንድነታቸው ላይ ያስቀምጠዋል። ይሁን እንጂ ‹የሴቱን አናውቅም› የሚለው ሐረግ ይህ ክብር ሌሎች ሟቾችን ከመቁጠር በመተው የመጣ መሆኑን ያጋልጣል።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። በቂ ነው።

10. አሁን ራሳችሁ ጻፉ፣ ከበርጩማ ጀምሩ

ስለ ጦርነት አትጀምሩ። ካላያችሁት በተለይ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ፈልጉ፣ ማን እንደሚይዘው ማንም ሳይናገር የሚታወቅ ዕቃ። የመዝጊያ ቁልፍ፣ ሪሞት፣ የጓዳ ማንኪያ። እኛ የጅማን በርጩማ መረጥን፣ ሦስት እግር ያለውን፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን። መሃል አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሦስት ደንብ ብቻ ሰጠኋቸው፦ «ሥልጣን»፣ «ጭቆና» እና «ደም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ፤ በወል ቤት ጻፉ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ዝም ይበል።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ይህን አመጣች፣ ፈቅዳልኛለች፦

አንድ በርጩማ አለን ለስድስት ቤተሰብ፣
ማን ይቀመጥ ብሎ ማንም ሰው አያስብ።
በሩ ሲጥ ሲል ገና እናቴ ተነሳች፣
በርጩማውን ጠርጋ ግድግዳ ይዛ ቆመች።

መጀመሪያ ሦስተኛ ቤትም ነበረው፣ እኩልነት መቼ ይሆን የሚመጣው የሚል። አወጣነው። ከወጣ በኋላ ግጥሙ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ሲግል አየን። «አያስብ» ላይ «ም» እንደሌለች አይታችኋል? አያስብም ነው ወይስ እንዳያስብ? ከተረቷ የተማረችው ነው። አባትየው ደግሞ በግጥሙ ውስጥ የለም። የበሩ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ይህን ስታነብ ስለ ደም የጻፈው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ደብተሩን አውጥቶ መሰረዝ ጀመረ።

ረቂቁን ስታርሙ ስድስቱን ቀለም በጣታችሁ ቁጠሩ፣ ግን አትጨነቁ። አንዳንዴ ምጣኔው ቢሰበር ጥሩ ነው። ሁሉም ስንኝ እኩል ሲራመድ ወታደራዊ ሰልፍ ይሆናል፤ የሚጣላ ነገር ባለበት ቦታ ላይ አንድ ሐረግ ከሰልፍ ትውጣ። «ግድግዳ ይዛ ቆመች» ላይ ሳትጣደፉ ካነበባችሁ አንድ ቀለም ትርፍ ይመጣል። እናትየዋም ቦታ አጥታ የቆመችው እዚያው ነው።

ስለ ሕያው ግጭት፣ ዛሬ ስላለው፣ ከጻፋችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠላት ብላችሁ የጻፋችሁትን ወገን በምን ስም እንደጠራችሁት ተመልከቱ። አውሬ ካላችሁት፣ ነፍሳት ካላችሁት፣ ቃሉን ሰርዙና ሰው ብላችሁ እንደገና ጻፉ። ግጥሙ የሚደክም ከመሰላችሁ እስከዚያች ቃል ድረስ ግጥም አልነበረም ማለት ነው። የኛ ቤት ውስጥ ከተለያየ ወገን የመጡ ልጆች አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሁሉም ፊት ሊነበብ የማይችል ስንኝ አላስነብብም።

11. አስነብቡ፣ ከዚያ ዝም በሉ

ገጣሚው አንብቦ ሲጨርስ ቶሎ አታጨብጭቡ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ገጣሚውን ሳይሆን አድማጮቹን ጠይቁ፦ ማን ሲናገር ሰማችሁ? ማን ዝም ሲል ሰማችሁ? ገጣሚው በዚህ ጊዜ አይመልስም፣ አይከላከልም፣ ይጽፋል ብቻ።

የበርጩማዋን ግጥም ያነበበች ቀን አንድ ትንሽ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ነው፣ ከወንድሙ ጋር ነው የሚመጣው፣ እጁን አወጣ። «አባትሽ በርጩማው ላይ ናቸው። እናትሽ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። አንቺስ የት ነበርሽ?» አላት። አንገቷን ደፋች። መመለስ አልነበረባትም፣ ደንቡን ታውቃለች፣ ግን መለሰች።

«መሬት ላይ» አለች።

አምስተኛው ስንኝ ያ ነው። እስካሁን ቤት አልመታላትም፣ እየሞከረች ነው።